ልጁ «ታይፎይድ ነው» ከተባለ፣ ስኳሩስ ተለክቷል?

የዛሬው ጽሁፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ እናት አባታችሁ ወይም እህት ወንድሞቻችሁ ክፍለ ሀገር ያሉ፣ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ከተመረቅሁ በኋላ ተመድቤ የሄድኩት ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ምዕራቡ ክፍል ነው። መካነ ሰላምን፣ ከላላን፣ ወግዲን የሚያውቅ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ከላይ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባ ደጋ፣ ከታች ደግሞ ወደ ዓባይና ወደ ጃማ የሚወርድ ገደልና ቆላ። ደጋ ላይ ጉንፋንና የሳንባ ምች፣ ከቆላው የሚመጣው ላይ ወባ፤ እኛም ጤና ተቋም ቁጭ ብለን የምንጠብቀው እነዚህን ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ሰው የሚያገኘው የሚጠብቀውን ነው።

አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከከላላ ገጠር የመጣች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዘው ገቡ። (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።) አባትየው በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏታል። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ትንፋሿ ፈጣን ነው። ሆዷን ይዛ ታቃስታለች፣ ታስመልሳለች። ስሟ ሲጠራ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች። እናትየው በፌስታል የያዘችውን ወረቀት ሰጠችኝ። ከአንድ ቦታ «ታይፎይድ»፣ ከሌላ ቦታ «ጨጓራ»። መድኃኒቱን በስርዓቱ ጨርሳለች። ጠበልም ተጠምቃለች። ውሃ ውሃ ስላለች ደግሞ ሰው ሁሉ አዝኖላት ሚሪንዳ ሲገዛላት ነው የሰነበተው። ለታመመ ሰው ለስላሳ ይዞ መሄድ ባህላችን አይደል?

እኔስ ምን ጻፍኩ? «ከባድ የሳንባ ምች፣ ከፈሳሽ እጥረት ጋር።» ፈሳሽ አዘዝኩ፤ ያዘዝኩትም ፈሳሽ ውስጡ ግሉኮስ ያለበት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰዓት ስኳር በሽታ የሚባል ነገር በጭንቅላቴ አላለፈም። ስለ ዲኬኤ ፈተና ላይ ቢጠይቁኝ ሁለት ገጽ እጽፍ ነበር።

ያዳነቻት ሲስተሯ ናት። ስራ ላይ ከእኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። መርፌውን ልትሰካ ጎንበስ ስትል ቀና አለችና «ዶክተር፣ አፏ የሆነ ነገር ይሸታል። ስኳሯን ልየው እንዴ?» አለችኝ። «እዪው» አልኩ፣ ብዙም ሳላስብ። ማሽኑ ቁጥር አልሰጠንም። «ሃይ» ብሎ ቆመ። ለማታውቁት፣ አብዛኞቹ የጣት ስኳር መለኪያዎች ከ600 በላይ መቁጠር አይችሉም፤ ከዚያ ካለፈ «ሃይ» ብለው እጅ ይሰጣሉ።

ፈሳሹን ቀየርን፣ ኢንሱሊን ጀመርን፣ እስኪነጋ አጠገቧ ተቀምጠን በየሰዓቱ ለካን። ጠዋት ዓይኗን ገልጣ እናቷን ጠራች። እናትየው እያለቀሰች፣ እኔ ደግሞ «አብሽሪ፣ አለፈ» እያልኳት ሳለ ነው ይሄን የነገረችኝ፦

«ዶክተርዬ፣ የምትሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ ማየት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ። ጎረቤት ድግምት ነው ሲለኝ አፈርኩና ዝም አልኩ። የጠየቀኝም የለ።»

የጠየቀኝም የለ። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ምርመራውን ከሁላችን በፊት ጉንዳኖቹ ሰርተውታል። እናትየውም ውጤቱን አንብባዋለች። ሦስት ቦታ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው አግኝታለች፣ አራተኛው እኔ ነበርኩ፤ «ሽንቷ እንዴት ነው? ውሃ ታበዛለች?» ብሎ የጠየቃት አንድም አልነበረም።

ቀጥላ «ይቺ ማሽን እኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ የለችም እንዴ?» አለችኝ። በኋላ ስልክ ደውዬ አጣራሁ። ነበረች። መሳቢያ ውስጥ፣ ከነስትሪፗ። ለአዋቂ ነበር የሚጠቀሙባት።

አሁን ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ቆሽት የምትባለው የሰውነታችን ክፍል ኢንሱሊን ታመርታለች። ኢንሱሊን ከደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሴል እንዲገባ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው። ዓይነት 1 በሚባለው የስኳር ህመም የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ኢንሱሊን አምራቾቹን ያጠፋቸዋል። ልጁ ስኳር ስለበላ፣ እናት ስላጠፋች፣ ሰው በዓይኑ ስላየው አይደለም። ቁልፉ ሲጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ኩላሊት በሽንት ያፈሰዋል፣ ስኳሩ ሲወጣ ውሃውን ጎትቶ ይወጣል። ስለዚህ ልጁ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ስለዚህ ይጠማዋል። ሰውነት ደግሞ በስኳሩ መጠቀም ስላቃተው ስቡንና ጡንቻውን ያቃጥላል፤ ልጁ እየበላ ይከሳል። ስቡ ሲቃጠል የሚወጣው ኪቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ያን አሲድ በትንፋሽ ለማስወጣት ነው እንደዚያ በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍሰው። የአፉ ሽታም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ወይም የበሰበሰ ፍራፍሬ ይመስላል። ዲኬኤ የምንለው ይሄ ደረጃ ነው። በሰዓቱ ካልታከመ ይገድላል።

ለምንድነው የምናልፈው? ሐኪሞች ሰነፍ ስለሆኑ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። እኔ የተማርኩበት፣ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይም የምታዩት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ህፃናት ማከሚያ ቻርት አለ። ብዙ ህይወት ያዳነ ነገር ነው፣ አልተቸውም። ግን ሳጥኖቹን እዩአቸው፦ ሳልና ፈጣን ትንፋሽ፣ ተቅማጥና የፈሳሽ እጥረት፣ ትኩሳት፣ የምግብ እጥረት። አሁን ስኳር ያለበትን የሦስት ዓመት ህፃን ይዛችሁ ግቡ። በደቂቃ ከ40 በላይ ይተነፍሳል፤ የሳንባ ምች ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ የፈሳሽ እጥረት። ከስቷል፤ የምግብ እጥረት። ሦስቱም ሳጥን ተቀብሎታል፣ ሦስቱም «አውቀዋለሁ» ብሏል፣ የእሱ ሳጥን ግን እዚያ ግድግዳ ላይ የለም። እኔም ለዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ያደረግሁት ያንኑ ነው፤ ቻርቱን በጭንቅላቴ ይዤ ነበር።

አንድ ምልክት ግን ከሳጥኖቹ ጋር አይስማማም። ፈሳሽ ያጠረው ልጅ ሽንቱ ይቀንሳል። ተቅማጥ ያደረቀው ልጅ ግማሽ ቀን ሳይሸና ሊውል ይችላል። የስኳሩ ልጅ ግን ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ አሁንም ይሸናል። ደርቆም የሚሸና ልጅ ካያችሁ ቁም ብሎ ማሰብ ነው።

ስለ ታይፎይድም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው እንደሚቆጣኝ ባውቅም። ቪዳል የሚባለው የደም ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያሳይም፤ ሰውነታችን የሰራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈልገው። ያ ደግሞ ከድሮ ህመም ወይም ከሌላ ኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተሰርቶ «ፖዘቲቭ» ስላለ ብቻ ልጁን ያደከመው ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። እኛ አገር ግን ቪዳል የፍለጋ ማቆሚያ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ ታይፎይድ የሚል ቃል ከሰፈረ በኋላ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ሆዱን ያመዋል? ታይፎይድ። ደከመው? ታይፎይድ። ከሳ? ታይፎይዱ አገርሽቶበት ነው።

ከታማሚው ወገን ያለው እምነት ደግሞ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ የወፍራም ነው፣ የሽማግሌ ነው» የሚለው ነው። አንድ አባት «ዶክተር፣ ልጄ እኮ ስኳር ቀምሶ አያውቅም፤ ሻይ እንኳ የምንጠጣው በጨው ነው» ብሎኛል። ሰውየውን አልፈርድበትም። እኛም ስኳርን የምናስተምረው በቢሮ ሰው ቦርጭ ስዕል ነው።

እውነታው ግን የድሃም የስኳር ህመም አለ፤ ያውም ከክልላችን ርቀን መሄድ ሳያስፈልገን። የጎንደር ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ከገጠር ስለሚመጡ፣ በጣም ቀጭን ስለሆኑ፣ ኢንሱሊን ስለሚያስፈልጋቸው ወጣቶች ጽፈው ነበር። ብዙዎቹ ድሃ ገበሬዎች ናቸው። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ቆሽትን ጎድቶ ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚል ክፍል ነበረው፤ በ1999 ከዝርዝሩ አወጣው። ዓለም አቀፉ የስኳር ህመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት 5» ብሎ መልሶ እውቅና ሰጥቶታል። እነዚህ ወጣቶች ኢንሱሊናቸው አንሶም እንደ ዓይነት 1 ቶሎ ወደ አሲድ አይገቡም፤ ቀስ እያሉ ይከሳሉ። ምግብ ያጥርበት የነበረ ቤት ውስጥ ደግሞ የከሳ ወጣት ማንን ያስደነግጣል? «ኑሮ ነው» ይባልና ያልፋል። ወሎን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ወሬ ሩቅ አይደለም።

ስኳር ብቻ አይደለም በነገራችን ላይ። የታይሮይድ ነገርም እንዲሁ ነው። በየጊዜው ጎርፍ የሚያጥበው የደጋ አፈር አዮዲኑ ያልቃል፤ እንቅርት በደጋው አገር የበዛው ለዚህ ነው። መንግስት እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ካወጣ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተሻሽሏል። ግን ታይሮይዱ የማይሰራ ህፃን ሁልጊዜ አንገቱ አያብጥም። «ጨዋ ልጅ፣ አያለቅስም፣ ሲተኛ ነው የሚውለው» የሚባለው፣ ሆዱ የሚደርቅበት፣ ቢጫነቱ ቶሎ የማይለቀው አራስ አንዳንዴ ይሄ ነው። ትንሽ ካደገ ደግሞ ከእኩዮቹ ያጠረ፣ ብርድ የማይችል፣ ትምህርት የማይገባው ልጅ ይሆናል፣ «ደደብ» የሚል ስም ያወጡለታል። ምርመራው አንድ የደም ናሙና ነው፣ ቲ ኤስ ኤች ይባላል። መድኃኒቱ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን። አራስ እያለ ካልተደረሰበት ግን የአእምሮ ጉዳቱ አይመለስም።

እናንተ ከተማ ያላችሁት ደግሞ ሌላ የምታልፉት ምልክት አለ። ክብደቷ የጨመረ የአሥራ ሦስት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አንገቷ ዙሪያና ብብቷ ስር እንደ ከፋይ ሻካራ ሆኖ ይጠቁራል። እናት በሳሙናና በሎሚ ትፈትጋታለች፣ «አንገትሽን እንኳ አትታጠቢም?» ትባላለች። ቆሻሻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰውነቷ ኢንሱሊንን መስማት እያቃተው እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው። አትፈትጓት፣ ስኳሯን አስለኩ። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ የሚያስመልስ፣ በፍጥነት የሚተነፍስ፣ የፈዘዘ፣ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ የከሳ ማንኛውም ልጅ ጤና ጣቢያ ሲገባ፣ ቴርሞሜትር ብብቱ ስር በሚገባበት ሰዓት ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ መለካት አለበት። ሐኪም እስኪያዝ ድረስ አይጠበቅ። ካርድ ላይ እንደ ሙቀትና ክብደት የራሱ መስመር ይኑረው።

ይሄን ስል አንድ የስራ ባልደረባዬ «ለአንድ ብርቅ በሽታ ያን ሁሉ ስትሪፕ ልታቃጥል?» አለኝ። ስትሪፕ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ባለቀበት ወር ሰርቻለሁ። ግን መጀመሪያ፣ ሁሉንም ልጅ አላልኩም፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ጣቱ አይወጋ። ሁለተኛ፣ ስትሪፕ ከሌለ ሽንት አለ። ሽንት ውስጥ የምትነከር ወረቀት ላይ ስኳርም ኪቶንም ይታያል፤ ለነፍሰ ጡር ክትትል ስለሚያስፈልግ ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ አይጠፋም። ሦስተኛ ደግሞ፣ ብርቅ መሆኑን በምን አወቅን? ሳይለካ የተቀበረ ልጅ እኮ በስኳር ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ በወባ ወይም በሳንባ ምች ነው የሚመዘገበው። ከዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ጥቂት ወራት በኋላ አንድ ወንድ ልጅ አምጥተውልን ነበር። ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው፣ ወረቀቶቹም አንድ ዓይነት። የዘገየው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን እኔ ወዲያው ለካሁ፣ አወቅሁም። ማወቄ ግን አላዳነውም።

ሌላም የህክምና ምክንያት አለ። ራሱን ለሳተ ወይም ለሚንቀጠቀጥ ህፃን ስኳሩን መለካት ካልቻልን ግሉኮስ እንድንሰጥ እንማራለን፤ ወባና ከባድ የምግብ እጥረት ስኳርን ስለሚያወርዱ ትክክል ነው። ግን ያው አካሄድ የስኳር ታማሚውን ልጅ ያባብሰዋል። የትኛው እንደሆነ የምትነግረን ያቺ የደም ጠብታ ናት።

ማሽኑ ኖሮም የሚሰራ አንድ ስህተት ደግሞ አለ፦ «ነገ ጠዋት በባዶ ሆዱ አምጡት።» ቤተሰቦች፣ ይሄ ለአዋቂ ቼክአፕ ነው። የሚጠማው፣ የሚሸና፣ የከሳ ልጅ በልቶም ሆነ ሳይበላ አሁኑኑ ይለካል። ምልክት እያለበት በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። በባዶ ሆድ የሚለካው ቁጥር (126 እና ከዚያ በላይ) ነገ ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ አንዳንድ ልጅ ደግሞ ነገ ላይ አይደርስም።

«ይሄ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል» የሚል ካለ የጣሊያኗን ፓርማን ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፓርማ ሐኪሞች ያደረጉት ፖስተር ማሰራት ነበር። ትምህርት ቤቶችና የህፃናት ሐኪሞች ቢሮ ውስጥ ለጠፉት። መልዕክቱ ስለ ጥማት፣ ስለ ሽንት፣ በተለይ ደግሞ አልጋ ማራስ አቁሞ ስለነበረና እንደገና ስለጀመረ ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት አዲስ ስኳር ከሚገኝባቸው ልጆች 78 በመቶው ዲኬኤ ውስጥ ገብተው ነበር የሚደርሱት። ከዘመቻው በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። በፖስተር! እኛ አገር ይሄን ፖስተር ትምህርት ቤት ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ልጁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስቴ «ቲቸር ልውጣ» ሲል የሚያየው መምህሩ ነው። አሁን ግን የሚባለው «ከትምህርት ሊያመልጥ ነው»፤ አንዳንዱም ይገረፋል።

ስኳር መሆኑ ከታወቀ በኋላስ? ጥሩው ዜና መድኃኒቱ መኖሩ ነው፤ ያውም ከ100 ዓመት በላይ የሆነው። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ሌናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ፣ አጥንቱ ቀርቶ ሞቱን ይጠብቅ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1922 የመጀመሪያውን ኢንሱሊን ተወጋ፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ያገኙት ሰዎች የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነው። እና በዚህ ዘመን ከላላ ላይ አንድ ልጅ ኢንሱሊን ሳያይ ሲሞት ምን ይባላል?

ቤተሰብ የሚፈራው «ፍሪጅ የለንም፣ እንዴት እናስቀምጠዋለን?» ብሎ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬንያ ውስጥ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ይዘው አጥንተውታል፤ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል እየተለዋወጠ ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ጉልበቱን አላጣም። ያ በረሃ ነው። የከላላ ደጋ በጋቢ የሚታደርበት አገር ነው። እኛ ለልጅቷ እናት ያሳየናት፣ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ትልቁ ውስጥ አስቀምጦ፣ መሃሉን አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ውሃ እያጠጡ ጥላ ስር ማኖር ነው። ኢንሱሊኑ በፌስታል ታስሮ እንዳይረጥብ ይደረጋል። ምድጃ አጠገብና ፀሐይ ላይ እንዳይሆን፤ በረዶም እንዳይነካው፣ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ተበላሽቷል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ንገሩልኝ። ኢንሱሊን በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ቆሽት የቀራት ጉልበት ትንሽ ያንሰራራል፤ የሚያስፈልገው መርፌ በጣም ይቀንሳል። ይሄ ጊዜ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቤተሰብ «ዳነች!» ይላል፤ ጠበሉ ወይም ዱዓው ሰራ ተብሎ መርፌው ይቆማል። ጠበልም ዱዓም አልከለክልም፤ ለልጅቷ ከቄሱም ከሼሁም ምርቃት እፈልጋለሁ። መርፌው ግን አንድ ቀንም አይቆምም። ካቆሙት የሚመለሱት ያቺኑ ሌሊት ይዘው ነው። በእኛ ልጅ ላይ ይሄን ሦስቴ ደጋግመን ነግረናቸዋል፤ አባትየው እስኪሰለቸው፣ «ዶክተር፣ ይበቃል፣ ገባኝ» እስኪለኝ። ባለፈው ስደውል ራሷ እየወጋች እንደሆነ ነገረኝ። ጤና መድህን ገብተዋል፣ ኢንሱሊኑ ሲጠፋ ግን ደሴ ድረስ ሰው ይልካሉ። ያ ሌላ ጽሁፍ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ይሄ ነው። ይሄን ገጽ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባህር ዳር ናችሁ። የከላላዋ እናት ፌስቡክ የላትም። እናንተ ግን ቅዳሜ ማታ ትደውሉላታላችሁ። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ስትሉ «ትንሹ ትንሽ አሞታል፣ ታይፎይድ ነው ብለውት መድኃኒት እየወሰደ ነው» ካለቻችሁ፣ «አይዞሽ» ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። ጠይቋት፦ ውሃ ያበዛል? ሌሊት ለሽንት ይነሳል? አልጋ ማራስ ትቶ ነበር፣ እንደገና ጀመረ? እየበላ ከሳ? የሸናበት ላይ ጉንዳን አይታ ታውቃለች? ለአንዱም እንኳ «አዎ» ካለች፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ጤና ጣቢያ ወስዳ «የልጄን ስኳር ለኩልኝ» ትበል። «ህፃን ላይ ስኳር የለም» ካሏት «ቢሆንም ለኩልኝ» ትበል። ለመንገዱ ብር ያስፈልጋት ይሆናል፤ ያንን በስልክ መላክ ታውቁበታላችሁ።

ጥያቄ ካላችሁ ኢንቦክስ ላይ አስቀምጡልኝ፣ በትርፍ ሰዓቴ እመልሳለሁ። ግን ልጁ የሚያስመልስ፣ ትንፋሹ የፈጠነ ወይም የፈዘዘ ከሆነ ኢንቦክስ አትጻፉልኝ። እኔ እስካየው ልጁ አይጠብቅም፤ ይዛችሁት ሂዱ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ለስላሳ እንዳትሰጡት።